የባለሰዓቱ ልጅ

ሰፈርተኛው አባቴን «ባለሰዓቱ» እያለ ሲጠራው ማዕረግ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ ምን ላድርግ። ባለሀብት ይባላል፣ ባለሥልጣን ይባላል፤ ባለሰዓት ከማን ያንሳል? እንዲያውም አንድ ቀን ዳቦ ቤት ተሰልፌ አንዲት ሴትዮ «አንቺ ቆንጆ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ብትለኝ፣ የአባቴን ስም ትቼ «የባለሰዓቱ» አልኳት። ሴትዮዋ ከፊቷ የቆመችውን በክርኗ ጎሸም አድርጋ ሳቀች። ሌላዋም ሳቀች። እኔም እንዳይቀርብኝ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እስቲ ጠጋ በሉና ከመነሻው ልንገራችሁ፣ ልጆቼ።

አባቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከቅንድቡ ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ ሰው። ኮቱ አንድ ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ክርኑን ከውስጥ በኩል ትጥፍለትና ከውጭ ሲያዩት ያልተነካ ይመስላል። የምንኖረው አንድ ክፍል ተከራይተን ነው፤ መሐሉን በመጋረጃ ከፍለን፣ በዚህ በኩል የእናቴ የስፌት መኪና፣ በዚያ በኩል አልጋ። ታናሽ ወንድሜን «ባቡር» ነበር የምንለው፤ ሲሮጥም ሲበላም «ቱቱ» ስለሚል።

በዚያን ሰሞን ቤታችን ወሬው ሁሉ «ጭማሪ» ሆነ። ጭማሪ ሊመጣ ነው፤ ጭማሪው ተፈቅዷል፤ ጭማሪው በስብሰባው ላይ ይነገራል። እኔ የማውቀው ጭማሪ ባለሱቁ ስኳር መዝኖ ሲያበቃ እላዩ ላይ ጣል የሚያደርጋትን ቁንጥር ነው። ስለዚህ አስተማሪዎቹ ከነቤተሰባቸው ወደ ትልቁ አዳራሽ ተጠርተን የሄድን ዕለት፣ ጭማሪው በየት በኩል ተይዞ እንደሚገባ በዓይኔ ስፈልግ ነበር።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መድረክ ላይ ወጡ። «መምህር ማለት ሻማ ነው» አሉ በወፍራም ድምፃቸው፤ «ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል።»

ከኋላችን ጋሼ ካርታ ተቀምጧል። የአባቴ የልብ ጓደኛና የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ የፈለጉትን አገር ቅርጽ ምንም ሳያይ ሰሌዳ ላይ ስለሚስል። እኔን ሲያገኘኝ መዳፌን ይገልጥና በጣቱ አንድ አገር ይስልበታል፤ የማን አገር እንደሆነ ካወቅሁ ከረሜላ፣ ካላወቅሁም ከረሜላ። ያን ቀን ድምፁን ብዙም ሳይቀንስ፣ «ሻማውም እኮ የሚገዛው በገንዘብ ነው» አለ። ረድፉ በሙሉ አፉን በመሐረብ አፍኖ ሳቀ። እኔ ደስታ ነው አልኩ።

ቀጥሎ ካርቶኖች ገቡ። አስተማሪዎቹ በየስማቸው እየተጠሩ አንድ አንድ ካርቶን ተሰጣቸው። አባቴ ተመልሶ ሲቀመጥ ክዳኑን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ክብ የግድግዳ ሰዓት ነው፣ ዙሪያው ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ ከቁጥሮቹ ሥር «ለትውልድ ቀራጮች» የሚል ጽሑፍ ያለበት።

«እማዬ፣ ጭማሪው ይኸውና» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ አፌን በእጇ ከደነችው።

ዛሬ ሳስበው አልተሳሳትኩም። በዚያ ቀን ይነገራል የተባለው የደመወዝ ጭማሪ ቀርቶ የተሰጣቸው ያው ሰዓቱ ነበር። ከዚያ አዳራሽ ነገሩን በስሙ የጠራሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ስንመለስ አስተማሪዎቹ ሁሉ ያንኑ ካርቶን በብብታቸው ይዘው በመንገዱ ዳር በዝምታ ይሄዳሉ። ለመቅበር የሚሄዱ እንጂ ተሸልመው የሚመለሱ አይመስሉም። ካርቶኑ ከብዷቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

አባቴ ቤት እንደገባ ሰዓቱን አልጋ ሥር ወሸቀው። «እዚያው ይቀመጥ» አለ። እኔና ባቡር አልጋ ሥር ገብተን ጆሯችንን ካርቶኑ ላይ ለጠፍን፤ ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ በሕይወት አለ። በመጨረሻ እናቴ፣ «ልጆቹን አታስለቅሳቸው፣ ይሰቀል እንጂ። የበደለን ሰዓቱ አይደለም» አለችው። አባቴ መዶሻ ከጎረቤት ተውሶ ሚስማር መታ። አንዴ ሲስት አውራ ጣቱን አገኘው። ኡፍ እንኳ አላለም፤ ጣቱን ትክ ብሎ አየው።

ከዚያ ወዲያ እኔ የሰፈሩ ሬዲዮ ሆንኩ። ጎረቤት በመስኮት «ስንት ሰዓት ሆነ?» ሲል ከሁሉ ቀድሜ የምመልስ እኔ ነኝ። ወሬው አከራያችን ጋ ደርሶ አንድ ቀን በር ላይ መጥተው ቆሙ። ዘንጠው ነበር፤ ስለ ኪራይ ሲመጡ ሁልጊዜ ይዘንጣሉ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉ። «መንግሥት ለአስተማሪ ጨመረ ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ፣ ጨመሩልን» አልኩና ወደ ግድግዳው በጣቴ አሳየኋቸው።

«እትዬ፣ እሷ የምትለው ሰዓቱን ነው» አለች እናቴ። «ሌላ የጨመሩልን የለም።»

«ሰዓትም ቢሆን ዝም ብሎ አይሰጥም፣ ልጄ። የመጀመሪያ ስጦታ ሌላ ይጠራል። እንግዲህ ከሚመጣው ወር እናንተም ለኔ ትጨምሩልኛላችሁ። ኑሮው እኮ ለኔም አልራራልኝም።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ እናቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ «የሒሳብ አስተማሪ ቤት ሆኖ ሒሳቡ አልገጥም አለ» አለች። አባቴ አልሳቀም። እኔ ግን አከራያችን እንኳን ደስ ያላችሁ በማለታቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስተማሪዎች ቤታችን መጡ። ወንበር ስላልበቃ አልጋው ላይም ተቀመጡ። እናቴ እንግዳ ተቀምጦ መኪናዋን ትረግጣለች፤ ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል። ነውር አይደለም እንዴ ብዬ ጠጋ ብል መርፌው ሥር ጨርቅ የለም። እናቴ ባዶ ትሰፋለች! አበደች አልኩ። ግድግዳችን ስስ እንደነበርና አከራያችን ከወዲያ ማዶ እንደሚኖሩ ያኔ አላሰብኩትም።

ከመኪናው ጩኸት መሐል የጋሼ ካርታ ድምፅ ብቅ ጥልቅ ይላል። «ሰኞ ጠዋት ሁላችንም የየራሳችንን ይዘን... ጽሕፈት ቤቱ ደረጃ ላይ አስቀምጠን... ደወል ሳይደወል ወደ ክፍላችን። መፈክር የለ፣ ጩኸት የለ። አንድ ሰው ከቀረ ግን ከንቱ ነው። ያንን አንዱን ይዘው ‹ይኸው ደስ ብሎት የተቀበለ አለ› ይሉናል።»

«ማን ይቀራል?» አለ አባቴ። «እኔ ከፊት ነኝ።»

ሐሳቡን ያመነጨው ራሱ አባቴ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ባትነግረኝ በወደድኩ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ከአባቴ ጉልበት ሥር ሄጄ ቆምኩ። «አባባ፣ ምን አጥፍተህ ነው ሰዓታችንን የሚወስዱብህ?»

«ማንም አይወስድብኝም፤ እኔ ነኝ የምመልሰው። የጠየቅሁት ሰዓት አልነበረም። አንቺ ዳቦ ብትጠይቂኝና ኳስ ብሰጥሽ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ኳሱን እወስዳለሁ» አለ ባቡር ከጠረጴዛ ሥር።

አባቴ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ አላስታውስም። እኔም ነገሩ ገባኝ፤ ቢያንስ የገባኝ መሰለኝ። ሰው ያልጠየቀውን ሲሰጡት አመስግኖ መመለስ ይችላል። ከብዶኝም ቢሆን ተስማማሁ።

እሑድ ርዕሰ መምህሩ ብርቱካን ይዘው መጡ። እኛ ቤት መጥተው አያውቁም። ውሃ እንዳቀርብ ተላክሁና ብርጭቆው እንዳይፈስ ቀስ እያልኩ ስሄድ የሚሉትን ሰማሁ።

«ግቢው ውስጥ ያለው ቤት ባዶ ነው» አሉ። «ሁለት ክፍል፣ ጣሪያው አዲስ። ኪራይ የለ፣ አከራይ የለ። ምክትልም ያስፈልገኛል።»

«ስለ ነገው ከሆነ...» አለ አባቴ።

«እኔ ስለ ነገ ምን አልኩ? ምንም አልጠየቅሁህም። ሰው ነህ፤ ጠዋት ሊያምህ ይችላል። ልጅም ሊያለቅስብህ ይችላል።» ወደ እኔ ዞር ብለው ጉንጬን ነካ አደረጉኝ። «ይቺ ልጅ ሰዓቱን ትወዳለች አሉ። እውነት ነው?»

«እወዳለሁ» አልኩ።

«አየህ» አሉት አባቴን።

ብርቱካኑን እኔና ባቡር በላነው። እናቴ አልቀመሰችም፤ ልጣጩን እንኳ ጠርጋ ከቤት ርቃ ጣለችው። ብርቱካን አትወድም ማለት ነው አልኩ።

ማታ ላይ ሰዓቱን ከግድግዳ አወረድነው። ጋዜጣ ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ክሩን ከእናቴ መሳቢያ ያመጣሁትም እኔ ነኝ፤ ወፍራሙን፣ ለጆንያ የሚሆነውን። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆንኩ ቋጠሮ አውቃለሁ። ክሩን አስተላልፌ፣ ደግሜ አስተላልፌ፣ ጫፉን በጥርሴ ይዤ ሳብኩት። አባቴ ቆሞ ያየኝ ነበር። «ጎበዝ» አለኝ።

እኔ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ሰኞ ጠዋት ቤት ነበርኩ። አባቴ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ከበሩ ላይ እጄን አውለበለብኩለት። አላለቀስኩም። ይህን ያዙልኝ፣ ልጆቼ፤ አላለቀስኩም።

ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ጥቅሉ ያው በብብቱ ነው፣ ቋጠሮዬም እንዳለ። ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ጥቅሉን አየችው፤ እግሯ ከመርገጫው ላይ ተነሣ፤ የስፌት መኪናው አንድ ሁለቴ በራሱ ዞሮ ቆመ።

እኔ ግን ገባኝ። የሁሉንም ተቀበሉ፤ አባቴ ግን ከሁሉ የበለጠ ጎበዝ ስለሆነ ለሱ ብቻ መልሰው ሰጡት!

«መለሱልህ፣ አባባ?» አልኩት።

እጁን ራሴ ላይ አደረገ። አዎም አላለ፣ አይደለምም አላለ። እኔ ተፈትልኬ ወጣሁና በየበሩ አዳረስኩት፤ ጋራዥ ለሚሠራው ጎረቤታችን፣ ለባለሱቁ፣ ለአከራያችን። «የሁሉንም ወሰዱ፤ የአባቴን ግን መለሱለት!» ባለሱቁ የሚመዝነውን ስኳር ትቶ አየኝ። «እንዲህ ነው?» አለ። ቁንጥር ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ያለ ገንዘብ።

ወደ ማታ ጋሼ ካርታ መጣ። አባቴ በሩን በአካሉ ሞልቶ ቆመ፤ ግባ አላለውም። ዝግ ብለው ነበር የሚነጋገሩት። «ልጅቷ...» ሲል ሰማሁ አባቴን። «ምን ላድርግ፣ ልጅ ናት...» ጋሼ ካርታ በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። እኔም እንደ ልማዴ መዳፌን ዘረጋሁለት። መዳፌን አየና ዞሮ ሄደ። መዳፌን ለምን ያህል ጊዜ ዘርግቼ እንደቆምኩ አላውቅም፤ እናቴ ናት መጥታ ያጠፈችልኝ።

በዚያው ሳምንት ኃላፊው በሬዲዮ ተናገሩ። «የመለሱት በአድማ የተሳሳቱ ጥቂቶች ናቸው። ስጦታውን በክብር ተቀብሎ ቤቱ የሰቀለ አስተዋይ መምህርም አለ» አሉ። ስለ እኛ በሬዲዮ! እየዘለልኩ ባቡርን ልጠራው ስል እናቴ ሬዲዮውን ጠርቅማ ዘጋችው። አባቴን «ባለሰዓቱ» ማለት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወር ሳይሞላ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተዛወርን። ሁለት ክፍል፣ ጣሪያው አዲስ። አባቴ ምክትል ሆነ። ጋሼ ካርታ ደግሞ ሩቅ አገር ተመደበ አሉ። የጭነት መኪና ላይ ከፍራሹ ጎን ተቀምጦ፣ የተጠቀለሉ ካርታዎቹን አቅፎ ሲሄድ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። የሚስላቸውን አገሮች በዓይኑ ሊያይ ነው ብዬ ቀናሁበት። ቅጣት መሆኑን ማን ይንገረኝ። ደረጃው ላይ ሰዓት ካስቀመጡት ብዙዎቹ እንደዚያው በየአቅጣጫው ተበተኑ።

አዲሱ ቤት ሰዓቱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ግን አይሄድም፤ አንድ ቀን ሄዶ በማግስቱ ይቆማል። ከጀርባው ሲከፈት ባትሪው የለም። ሌላ ሲገዛለት ያም ይጠፋል። ባቡር አሮጌ የእጅ ባትሪ ነበረው፤ ሌባው እሱ ነው ተባለ፣ እኔም መሰከርኩበት። እናቴ በጥፊ አለችው። «እኔ አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም» እያለ ሲያለቅስ አባቴ ጫማውን አጠለቀና ወደ ግቢው ወጣ። ልጅ ሲመታ አንጀቱ አይችልም አልኩ።

ዓመታት አልፈው፣ እናቴም ካረፈች በኋላ፣ የአባቴን ኮት ልገለብጠው ስፌቱን ስፈታ ከገበሩ ውስጥ የዛጉ ባትሪዎች ጉልበቴ ላይ ወረዱ። የደረት ኪሱ ቀዳዳ ነበረው፤ የሚደብቃቸውን እየዋጠ አስቀርቶበታል። ለባቡር ነገርኩት። አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ ልጆች አሉት። ጉንጩን እያሻሸ፣ «እንግዲህ የጥፊዬን ካሣ ከማን ልጠይቅ?» አለኝ። እስኪበቃን ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም አቀረቀርን።

ባለሰዓት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የነገረችኝ ስምንተኛ ክፍል አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ናት። አባቷ ከተበተኑት አንዱ ነበር። አልጮኸችብኝም፣ አልሰደበችኝም፤ እየቀረጸች የነበረውን እርሳስ እንኳ ሳታስቀምጥ አስረዳችኝ። በማግስቱ ሆዴን አመመኝ። በሳልስቱም አመመኝ። እንዲህ እያልኩ ትምህርት ቤት ቀረሁና ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ስፌት ያዝኩ። አባቴ፣ ያን ሁሉ ልጅ ያስተማረ ሰው፣ ለምን ቀረሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር፤ ያንን ያወቀ ይመስለኛል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ።

ጭማሪው ኋላ መጣ፤ ግን የቤት ኪራዩ በየሰፈሩ ከሱ ቀድሞ ጨምሮ ጠበቀው።

አሁን የመጨረሻውን ልንገራችሁ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት እኔ ዘንድ ይኖር ነበር። አንድ ቀን የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዝ ይዘው ቆመዋል። ያወቅኋቸው በጣታቸው ነው፤ ረጅም፣ ጫፉ ጠመኔ የለመደ።

«እሱ አለ?» አሉ ጋሼ ካርታ።

አባቴ ከወንበሩ ሊነሣ ሞከረ፣ አልቻለም። ጋሼ ካርታ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ሳሙት። ሻይ አቀረብኩ። ስለ ጉልበት ተወራ፣ ስለ ዓይን ተወራ፣ ስለ ሞቱት ተወራ። ስለ ሰዓት ማንም አላነሣም። ሰዓቱ ግን ግድግዳዬ ላይ ነበር፣ ባትሪ የለውም፤ አባቴም አውርጂው አላለኝ፣ እኔም አላወረድኩት።

ጋሼ ካርታ ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ አይደል ያቺ ትንሿ? ያቺ አልቃሻዋ?»

«የቷ፣ ጋሼ?»

«የዚያን ሰኞ ጠዋት። ይዞ ሊወጣ ሲል እግሩ ላይ ተጠምጥመሽ፣ ‹ሰዓታችንን አትውሰድብን› ብለሽ፣ ትንፋሽሽ እስኪቆረጥ አልቅሰሽበት የለ? በሩ ላይ ቆሞ ነግሮኛል እኮ።» ፈገግ አሉ። «እዚያ ማዶ ሳለሁ አንዳንድ ጊዜ በአንቺ እናደድ ነበር። ትልቅ ሰው በሕፃን! ‹ያቺ ልጅ ባታለቅስ ኖሮ ሙሉ እንሆን ነበር› እላለሁ። ኋላ የራሴን ሳሳድግ ገባኝ። የልጅ ዕንባ ማን ይችላል። እኔም ብሆን እቀር ነበር። እሱን ያኔውኑ ይቅር ብዬዋለሁ፤ አንቺን ዛሬ ይቅር ልበልሽ ብዬ ነው።»

የአባቴ ብርጭቆ ከማስቀመጫው ጋር መጋጨት ጀመረ። ቀና ብዬ አየሁት። ሰሌዳ ፊት ወጥቶ መልሱ የጠፋው ተማሪ እንዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ነበር የሚያየኝ። ያ ሁሉ ዓመት በኔ ዕንባ ተከልሎ ኖሯል፤ እኔ ግን አላለቀስኩም። አንድ ቃል ብናገር እኚህ ሽማግሌ ያን ሁሉ መንገድ የመጡለትን ወዳጅ እዚሁ ሻዩ ሳይበርድ ያጡታል።

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩ። «እኔ ነኝ። አስቸጋሪ ልጅ ነበርኩ።»

«ልጅ ነበርሽ እንጂ» አሉ። እጄን ስበው መዳፌን ገለጡና በጣታቸው አንድ ቅርጽ ሳሉበት። «እስቲ የት ነው?»

«አላወቅሁትም።»

«ከየት ታውቂዋለሽ። የላኩኝ ቦታ ነው። ካርታ ላይ ስሙ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።» ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ሸኝቻቸው ተመለስኩና መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትሄድ ድረስ ዩኒፎርሙን ሰፋሁ።

«አላለቀስሽም እኮ» አለ በመጨረሻ።

«አላለቀስኩም።»

«ጋዜጣውን ያጠፍሽውም አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ጽሕፈት ቤቱ ፊት ካለው መድኃኒት ቤት ጥግ ቆሜ አየኋቸው። ደረጃው ላይ በተራ ደረደሯቸው። መሐል ላይ አንድ ቦታ ክፍት ትተው ነበር። ለኔ ነው።» ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «ልሄድ ነበር እኮ። ጋዜጣውን ልፍታው ብዬ ክሩን ነካ ነካ አደረግሁት። ጠብቆ ነበር። አልፈታ አለኝ።»

ከነጋዜጣው ማስቀመጥ ይቻል ነበር። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እግሬን ከመርገጫው ላይ አነሣሁ።

«አዎ፣ አባባ» አልኩት። «በጥርሴ ስቤ ነበር ያሰርኩት።»